ከለካን በኋላስ?



ሰርቬይንግ ነው የምማረው ስል ብዙ ሰው የሚታየው መንገድ ዳር ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተክሎ በአንድ ዓይኑ የሚያጮልቅ ሰው ነው። አልተሳሳቱም፤ የትምህርታችን ግማሽ እሱው ነው። ስለ ሌላው ግማሽ ግን የሚጠይቀኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልጻፈው ብዬ ነው፤ በተለይ ከገጠር ለመጣነው የጀመዓችን ልጆች።

ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ጠዋት መድረሳ፣ ከሰዓት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበርኩ። ፊቅህ ስንቀራ «ገስብ» የሚባል ክፍል አለ፤ የሰውን ንብረት ያለ ሐቅ መያዝ ማለት ነው። ኡስታዛችን እዚያ ክፍል ሲደርሱ ከኪታቡ ወጣ ብለው ስለ መሬት አወሩን። አንድ ስንዝር መሬት በግፍ የወሰደ ሰው የቂያማ ቀን ከሰባት ምድር ጋር አንገቱ ላይ እንደሚጠለቅለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማስጠንቀቃቸውን፣ ይህንንም ቡኻሪም ሙስሊምም እንደዘገቡት ነገሩን። ዐሊይ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሌላ ሐዲስ ደግሞ የመሬትን ምልክት የሚቀይር ሰው የአላህ እርግማን ከሚደርስባቸው ሰዎች መሐል ተቆጥሯል። በዚያ ዕድሜዬ የገባኝ የአንገቱ ነገር ብቻ ነበር። ሰባት ምድር አንገቱ ላይ የተጠመጠመ ሰው ለመሳል ሞክሬ ደብተሬን እንዳበላሸሁ ትዝ ይለኛል።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መምህራችን የወሰን ምልክት እንዴት እንደሚተከል፣ ቢነቀል እንዴት ከመዝገብ ተነስቶ ወደ ቦታው እንደሚመለስ ሲያስተምሩን ግን ሁለተኛው ሐዲስ ትዝ አለኝ። እርግማኑ የመጣው ድንጋይ ስለተነቀለ ብቻ አይመስለኝም። ድንጋዩ የአንድ ሰው ምስክር ስለሆነ ነው። ምስክሩን ያጠፋ ሰው ነገ የሚነሳውን ጭቅጭቅ ዛሬ ፈርዶ ጨርሶታል።

የሰዒድ ኢብኑ ዘይድን (ረ.ዐ.) ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጀነት ከተመሰከረላቸው ዐሥሩ ሰሃባዎች አንዱ ናቸው። አርዋ የምትባል ሴት መሬቴን ወስዶብኛል ብላ መርዋን ዘንድ ከሰሰቻቸው። እሳቸው ያንን የስንዝር ሐዲስ ከሰማሁ በኋላ እንዴት እወስዳለሁ ብለው መሬቱን ተዉላት፤ ከዋሸች አላህ እንዲይዛትም ዱዓ አደረጉ። ዓይኗ እንደጠፋና እዚያው መሬት ላይ ጉድጓድ ገብታ እንደሞተች ሙስሊም ዘግበዋል። በአንዳንድ ዘገባ ደግሞ በኋላ ጎርፍ መጥቶ የተሸፈነውን ወሰን ገልጦት የሰዒድ እውነት ታየ ይባላል። ይህን ታሪክ በዳዕዋ ስንሰማ የሚነገረን ስለ ተበዳይ ዱዓ ነው፤ ልክ ነው። እኔ ደግሞ እንደ ሙያዬ የማየው ፍርዱ የተንጠለጠለው በሁለት ሰው ቃል ላይ ብቻ እንደነበር ነው። ሁላችንም የሰዒድን ዓይነት ዱዓ የለንም፤ ጎርፍም በቀጠሮ አይመጣም።

የአገራችንን የመሬት ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ ታሪክ የምትማሩ ልጆች በተሻለ ትጽፉታላችሁ። በብዙ የሰሜን አካባቢዎች ሙስሊሞች ርስት እንዳይኖራቸው ተደርገው ለዘመናት ኖረዋል፤ ሽመናውና ንግዱ እጃቸው ላይ የቀረው በምርጫ ብቻ አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ወጡ፤ በ1967 የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31 የሕዝብ ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ጥፋት ሁሉ እንዳለ ይዘን፣ ያ አዋጅ ለብዙ ሙስሊም ገበሬ መሬት ያስገኘለት የመጀመሪያ ሕግ እንደነበር አያቶቻችን ይመሰክራሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ አጸናው። ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው፤ ያርሳል፣ ያከራያል፣ ያወርሳል።

መብቱ ይኑር እንጂ ለረጅም ጊዜ ወረቀት አልነበረውም። የገጠር ይዞታ ምዝገባ በ1990ዎቹ መባቻ በትግራይ ተጀመረ፤ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ ተከተሉ። ያኔ የተለካው በገመድ ነው። ደብተሩ ላይ ካርታ የለም፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ፣ በሰሜን መንገድ እያለ አዋሳኝ ይዘረዝራል። ቀላልና ርካሽ ስለነበር ዓለም ያወራለት ሥራ ነው። በትግራይ መጀመሪያ ላይ ደብተሩ የወጣው በአባወራው ስም ብቻ ነበር። በአማራ ክልል ግን የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ እንዲገባ ተደረገ። የፎቶው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ እናቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ የተነሳችው ለዚያ ደብተር ነው።

ከ2006 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ልኬት በስፋት መጣ። በእንግሊዝ መንግሥት ድጋፍ በአራቱ ክልሎች 14 ሚሊዮን ማሳ ለመመዝገብ ታቅዶ የተሠራው ትልቁ ነው፤ ፊንላንድና አሜሪካም የደገፉት አለ። ከአየር የተነሳ ፎቶ ይታተማል፣ ገበሬዎቹ ማሳቸው ላይ ቆመው ድንበራቸውን ያሳያሉ፣ አዋሳኙ አለ ወይ ልክ ነው ይላል፣ ወሰኑ ፎቶው ላይ ይሰመራል። ከዚያ ረቂቁ ለሕዝብ ዕይታ ይለጠፋል፣ ቅሬታ ያለው ይናገራል፣ ካርታ ያለው ደብተር ይወጣል።

የኢንተርንሺፕ ሴሚስተሬን ያሳለፍኩት በአንድ ወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለጉዳያችን አያስፈልግም። ልኬት ያላለቀበት አንድ ቀበሌ ስለነበር ከባለሙያዎቹ ጋር ወጣሁ። ወላሂ፣ ከዚያ በፊት ካርታ ማንበብ የምችል ይመስለኝ ነበር። አንዲት አሮጊት ፎቶውን ዘቅዝቀው ይዘው ትንሽ ካዩ በኋላ ቀና አደረጉትና ጣታቸውን አንድ ጥቁር ነጥብ ላይ አሳረፉ፤ «ይቺ ሾላዬ ናት፤ ከዚች እስከዚያ ካቡ ድረስ የኔ ነው» አሉ። ሄደን አየን፤ ልክ ናቸው። አዋሳኞቹ ከበው ቆመዋል፣ ልጆች ተሰብስበዋል፣ ሁሉም የሁሉንም ድንበር ያውቃል። በሦስት ቀን ውስጥ የተነሳው ጭቅጭቅ ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ሽማግሌዎች እዚያው ፈቱት።

አንድ ነገር ግን በዚህ አጋጣሚ ላንሳ፤ የሰርቬይንግ ልጆች ትስቁ ይሆናል። ስልኩ ላይ ያለውን ጂፒኤስ ቁጥር ጽፎ ይዞ የመጣ አንድ ወጣት ካርታችሁ ተሳስቷል፣ የኔ ማሳ ጎረቤቴ ቤት ላይ አርፏል ብሎ ተቆጣ። የአገራችን ካርታዎች ለብዙ ዘመን የተሠሩት አዲንዳን በሚባል መነሻ ነው፤ ስሙ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ካለ ቦታ የመጣ ነው። ስልክ የሚጠቀመው ሌላ፣ ለዓለም ሁሉ የወጣ መነሻ ነው። የአንዱን ቁጥር ሳይለውጡ ሌላው ላይ ቢያስቀምጡት ነጥቡ ከመቶ ሜትር በላይ ይሸሻል። ስልኩም አልዋሸ፣ ካርታውም አልዋሸ። ለልጁ ይህን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብን፤ በመጨረሻ ሲገባው ግን ለሌሎቹ የሚያስረዳው እሱ ሆነ።

ስለዚህ መለካቱ አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ የቀሩት ሳምንታት ናቸው፤ ቢሮ ውስጥ የስም ዝውውር የሚሠራበት ጠረጴዛ አጠገብ የተቀመጥኩባቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የተለካ ቀበሌ መዝገብ ይከፈታል። ባለይዞታው ሞቷል። ልጆቹ ማሳውን በመካከላቸው በገመድ ተካፍለዋል፤ አንዱ ድርሻውን የእኩል ሰጥቷል፣ አንዱ ዐረብ አገር ሄዶ ለአጎቱ ልጅ አሳርሷል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን ሟቹ አሁንም አንድ ሙሉ ማሳ ይዞ ተቀምጧል። ካርታው የተነሳበትን ቀን በትክክል ያሳያል፤ የዛሬውን ግን አያውቅም። እንዲህ ያለ መዝገብ ዐሥር ዓመት ከቆየ ሰው ማመኑን ይተዋል፤ ያኔ ያ ሁሉ ፎቶ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ፣ የዚያች አሮጊት ሾላ ሳይቀር ከንቱ ይሆናል።

ለምን አያስመዘግቡም? ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። ወረዳው ድረስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ማምጣት አለ፤ ምስክር ይዞ መምጣት አለ፤ ምስክሩን ምሳ መጋበዝ አለ። ኔትወርክ የለም ተብሎ ሌላ ቀን መባል አለ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ «ለሻይ» የሚባለው አለ፤ ጉቦ የሚሰጠውም የሚቀበለውም የተረገሙ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ ሦስተኛ ጊዜ ነገ ና ለተባለ ሰው ይህን ማስተማር ከባድ ነው። እዚያ ቢሮ ውስጥ ግን ምሳ ሳይበሉ የሰው ጉዳይ የሚጨርሱ፣ ደሞዛቸው የማይበቃቸው ሠራተኞችም አይቻለሁ። ችግሩን የሰው ጠባይ ብቻ አድርጎ ማውራት ይቀለናል፤ አንድ ፕሪንተር ለስንት ቀበሌ እንደሚያገለግል ብታዩ ግን ሐሳባችሁን ታሰፉት ነበር።

ይህ የኛ ብቻ አይደለም። ሩዋንዳ ከ2009 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ከ10 ሚሊዮን በላይ ማሳ መዝግባ ዓለምን አስደነቀች። ከዚያ ስም ለማዛወር ለትልቁም ለትንሹም ማሳ እኩል 30 ሺህ የሩዋንዳ ፍራንክ ክፍያ ነበር። ቁራሽ መሬት የሚገዛው የገጠር ሰው ይህን ከፍሎ አያስመዘግብም፤ በወረቀት ተፈራርሞ በመካከሉ ይጨርሳል። መዝገቡና መሬቱ እንደገና መለያየት ጀመሩ። እንግዲህ የአንድ ክፍያ መጠን የስንት ዓመት ልኬት እንደሚያበላሽ ተመልከቱ።

በሙስሊሙ ዓለም ታሪክ ውስጥም ለዚህ ጉዳይ ጥሩም መጥፎም ምሳሌ አለ። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ዒራቅ ስትከፈት የሰዋድን መሬት ለተዋጊዎች አላከፋፈሉም፤ ለኋለኛው ትውልድም እንዲተርፍ ብለው በነዋሪዎቹ እጅ ተዉትና ግብር ጣሉበት። ለዚህ መለካት ነበረበት። ሰሃባዎችን አማክረው የላኩት ዑስማን ኢብኑ ሑነይፍን (ረ.ዐ.) ነው፤ በዕውቀቱና በልምዱ ስለተመሰከረለት። የለካው 36 ሚሊዮን ጀሪብ እንደሆነ አቡ ዩሱፍ በኪታቡል ኸራጅ ዘግበዋል። (የሙያ ወንድሜ እያልኩ ስለምጠራው ዶርም ውስጥ ይቀልዱብኛል።) ግብሩም ለሁሉም እኩል አልነበረም፤ ስንዴው፣ ገብሱና ወይኑ እየተለየ ነው የተጣለው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ልኬቱ አይደለም። ዑመር ከመወጋታቸው አራት ቀን ገደማ በፊት መዲና ውስጥ ዑስማን ኢብኑ ሑነይፍንና ሑዘይፋን አግኝተው የጠየቋቸው ጥያቄ ቡኻሪ ውስጥ አለ፤ መሬቱን ከሚችለው በላይ አሸክማችሁት ይሆን? እነሱም የሚችለውን ነው አሉ። እንደገና አስቡበት አሏቸው። ከዚያም አላህ ካቆያቸው የዒራቅ ባልቴቶች ከእሳቸው በኋላ የማንም እጅ የማያዩ እስኪሆኑ ድረስ እንደሚሠሩ ተናገሩ። ልኬቱ ካለቀ፣ ግብሩ ከገባ በኋላ መሪው ለቀያሹ የሚያነሳው ጥያቄ ስለ ባልቴት ነው። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ የምንጠየቀው ስለ ስህተት መጠን ብቻ ነው።

መጥፎው ምሳሌ የኦቶማኖች የ1858 እ.ኤ.አ. የመሬት ሕግ ነው። ሐሳቡ መሬቱን በሚያርሰው ስም መመዝገብ ነበር። ብዙ ገበሬ ግን መዝገብ ማለት ግብርና ወታደርነት ነው ብሎ ፈራና መሬቱ በጎሳ መሪው ወይም በከተማ ባለሀብት ስም እንዲጻፍ ተወ። የልጅ ልጆቹ በአባቶቻቸው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው ተገኙ። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ገበሬው ምን እንደሚፈራ አልጠየቀም፤ ገበሬውም ስም ምን እንደሚያስከትል አልገመተም።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ባደግኩበት ከተማ ያለ አንድ መስጊድ ነው። ቦታውን የሰጡት ሰውዬ ወቅፍ አድርገው ነው የሰጡት፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሽማግሌው ሁሉ ይመሰክራል። ወረቀቱ ላይ ግን ስማቸው እንዳለ ቀረ። እሳቸው ሲሞቱ ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ ጥያቄ አነሳ፤ ሁለት ዓመት ክርክር ሆነ። ወቅፍ አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ዑመር የኸይበር መሬታቸውን ወቅፍ ሲያደርጉ የተቀመጠው መርሕ ይኸው ነው። ነገር ግን ወቅፍነቱ በልብ ብቻ ከተያዘ ከልብ ጋር አብሮ ይሞታል። ዛሬ ሰበብም የለንም፤ የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1207 ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል፤ መስጊድን በግለሰብ ስም ማስቀመጥ ግድ የነበረበት ጊዜ አልፏል። ክረምት ወደየቤታችን ስንሄድ የሰፈራችን መስጊድና የመቃብር ቦታው ካርታ በማን ስም እንደሆነ መጠየቅ አንድ ጁምዓ አይፈጅም።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ።

አባቴ ሦስት ወንድሞችና አንዲት እህት ናቸው። አያቴ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ማሳው ስድስት ጥማድ ገደማ ነው፤ ማሽላና ጤፍ ይዘራበታል። ሦስቱ ወንድሞች ያርሱታል። አክስቴ ሌላ ቀበሌ ተድራ ነው የምትኖረው፤ ባሏ ሞቷል። በየዓመቱ ከአዝመራ በኋላ አንድ ጆንያ ማሽላ ይላክላታል። ስትቀበልም ትመርቃለች። እኔ ለትምህርት የወጣሁት፣ ላፕቶፕ የተገዛልኝ፣ በየሴሚስተሩ ብር የሚላክልኝ ከዚያ ማሳ ነው።

ቢሮ ውስጥ ሳለሁ ሴት ልጅ ያልተጠቀሰችበት የወራሾች ዝርዝር ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልቆጠርኩም። አንዳንዱ ባለጉዳይ እህት አለችህ ወይ ሲባል «አለች፤ ግን ሰጥታናለች» ይላል። ሰጥታለች ማለት ምን ማለት ነው? ፊቅህ ላይ ስጦታ የሚጸናው ሰጪው የሚሰጠውን አውቆ፣ ሳይገደድ ሲሰጥ ነው። ድርሻዋ ስንት እንደሆነ ያልተነገራት፣ ብትጠይቅ ወንድም ታጣለች የተባለች ሴት ምኑን ሰጠችው? አንድ ቀን አክስቴን ጠየቅኳት። «አንተ ልጅ፣ ብታመም የሚያነሱኝ እነሱ አይደሉም ወይ? መሬቱን ብጠይቅ ማን በሬን ያንኳኳል?» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ፊቴን አይታ «አብሽር፤ ሆዴ አይከፋም» አለች።

ስለ ሴት ውርስ ሲነሳ ካምፓሳችን ውስጥ የሚነሳው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሸሪዓው ለወንድ ሁለት ለሴት አንድ ይላል፣ የመንግሥት ሕግ እኩል ይላል፣ የቱ ይሁን? ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ሕጉም መንገድ አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ከተስማሙ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ ፈቅዷል፤ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ውርስንም ወቅፍንም ያያሉ፣ ክልሎችም የየራሳቸው አላቸው። ያልተስማማ ሰው መደበኛው ፍርድ ቤት አለው። ግን ወንድሞቼ፣ ስለ አንድና ስለ ሁለት ስንከራከር ማሳው ላይ ያለውን ቁጥር ረስተነዋል። እዚያ ያለው ዜሮ ነው። ሱረቱ ኒሳእ ሴቶች ወላጆቻቸው ከተዉት፣ ቢያንስም ቢበዛም፣ ድርሻ እንዳላቸው ሲደነግግ ያፈረሰው ይህንኑ ዜሮ ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 35 ላይ ሴቶች መሬትን ጨምሮ በውርስ እኩል እንደሆኑ ጽፏል። ሁለቱ በቁጥሩ ይለያዩ እንጂ ዜሮን አንዳቸውም አልፈቀዱም። ሦስት ወንድ አንድ ሴት ካሉ፣ ሌላ ወራሽ ከሌለ፣ በፈራኢድ የአክስቴ ድርሻ ከሰባት አንድ ነው፤ በሌላው ከአራት አንድ። ስድስት ጥማድን ለሰባት አካፍሉት። አንድ ጆንያ ማሽላ አይደለም።

የገጠር መሬት ሕጉም በራሱ ወጥመድ ነበረው። የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 456 የቤተሰብ አባል የሚለው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት የሚኖረውንና መተዳደሪያውን የሚጋራውን ነው። ተድራ የሄደች ልጅ በዚህ ትርጉም ከደጅ ትቀራለች። ልብ በሉ፤ ዶርም የምንኖረውም እንዲሁ። ያ አዋጅ በ2016 በወጣው ቁጥር 1324 ተተክቷል፣ ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ የሕግ ተማሪዎቻችን ለገጠር ልጆች የክልላችንን ሕግ በአንድ ምሽት ቢያስረዱን ከብዙ ፕሮግራም ይበልጥብናል።

ባለፈው ዐረፋ ነገሩን ቤት ውስጥ አነሳሁት። ከሰላት ተመልሰን፣ ሥጋው ተበልቶ፣ ቡና ላይ። አባቴ ዝም አለ። ታላቅ አጎቴ ተቆጣ፤ «ዩኒቨርሲቲ የላክንህ እህትን ከወንድም እንድታጣላ ነው? ደብተሩ በአባባ ስም ነው ያለው፤ ማን ወሰደባት?» አለኝ። መልሱ እዚያው ንግግሩ ውስጥ ነበር። ደብተሩ በሟች ስም እስካለ ድረስ ማንም ወሰደ አይባልም፤ የሚያርሰው ያርሳል፣ የማታርሰው ትጠብቃለች። ቢሮ ውስጥ የሰነፈ መዝገብ የመሰለኝ ነገር ቤት ውስጥ ሳየው ሰነፍ አልነበረም፤ ሥራውን ይሠራ ነበር። ይህን ግን ለአጎቴ አልመለስኩም። ጋሼ፣ ሼሁ ዘንድ ሄደን እናስቆጥረው፣ ከሰባት አንድ ካሉ አንድ፣ ሌላ ካሉ ሌላ፣ ከዚያ እሷ ራሷ አውቃ ትስጥ ወይም ትውሰድ አልኩት። ጋሼ ስለው ትንሽ በረደ። አባቴ ማታ ሱፍራው ከተነሳ በኋላ ብቻችንን ስንሆን «የትምህርትህስ?» አለኝ። ምን ለማለት እንደፈለገ ገብቶኛል። ድርሻዋ ቢወጣ ለእኔ የሚላከው ያንሳል። አውቃለሁ አልኩት።

ከዚያ ወዲህ በስልክ ሁለት ጊዜ ብቻ ተነስቷል። አባቴ ሼሁን አናግሯቸዋል፤ ወራሾቹ በሙሉ፣ አክስቴም ጭምር፣ ባሉበት እቆጥራለሁ ብለዋል። ሁለተኛው አጎቴ እሺ ብሏል። ታላቁ ገና ነው። አክስቴ እኔ አልመጣም፣ እናንተው ጨርሱት እያለች ነው፤ ይህ ደግሞ እንደማይሆን፣ እሷ ከሌለች ሼሁ እንደማይቆጥሩ እናቴ ልትነግራት ሄዳለች። ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ እናቴ ስትመለስ «መታወቂያዋን አሳድሳ ትምጣ ብዬአታለሁ» ብቻ ነው ያለችኝ።

ፈተና የምንጨርሰው ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። ከቢሮው ያጣራሁት ይህን ነው፤ የሟች የሞት ማስረጃ፣ የወራሽነት ማረጋገጫ፣ የሁሉም ወራሾች መታወቂያ፣ የድሮው ደብተር፣ ከቀበሌ የመሬት ኮሚቴ ደብዳቤ። ማሳው በተካፈለው ልክ እንደገና ይለካል። የሚለካው ባለሙያ አብሬው የሠራሁት ልጅ ነው፤ የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ እኔ መሣሪያውን እንዳልነካ ነግሬዋለሁ። ድንጋይ ግን እሸከማለሁ።